የሚቆራረጥ ሜሽ ዋይፋይ በሐይቅና በአምባሰል ግቢዎች

ሜሽ ዋይፋይ በአንድ ራውተር ፋንታ ሁለት፣ ሦስት ወይም ከዚያ በላይ ሣጥኖች በአንድ ስምና በአንድ ፓስወርድ ቤቱን የሚያዳርሱበት አሠራር ነው። ከሣጥኖቹ አንዱ ዋናው ሲሆን ከስልክ መስመሩ ሞደም ወይም ከሲም ካርድ ራውተሩ ጋር በገመድ ይያያዛል። የቀሩት አጋዦች ናቸው፤ ከዋናው የተቀበሉትን በአጠገባቸው ላለው ስልክ፣ ቴሌቪዥንና ላፕቶፕ ያደርሳሉ። ስለዚህ ኢንተርኔቱ ሰው እጅ እስኪገባ ሦስት መንገዶችን ያቋርጣል፤ ከውጭ እስከ ዋናው ሣጥን፣ ከሣጥን እስከ ሣጥን፣ ከሣጥን እስከ ስልክ። በስልኩ አናት ላይ የሚታየው የዋይፋይ ምልክት የሚናገረው ስለ ሦስተኛው ብቻ ነው። ምልክቱ ሙሉ ሆኖ ሳለ የኢሞ ጥሪ የሚቆራረጠው፣ ቴሌግራምም ፎቶ አላወርድ የሚለው ብልሽቱ ከመጀመሪያዎቹ ሁለት መንገዶች በአንዱ ላይ ሲሆን ነው። በደቡብ ወሎ፣ በሐይቅና በአምባሰል የሚገጥመው ችግር ደግሞ በአብዛኛው የእነዚህ የሁለቱ ነው።

የዋይፋይ የመጀመሪያው መለኪያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1997 ሲሆን ፍጥነቱ በሰከንድ ከ2 ሜጋ ቢት አያልፍም ነበር። ራውተሮች እየተቀባበሉ መረጃ የሚያሳልፉበት አሠራር ወደ መኖሪያ ቤት ከመግባቱ በፊት በሰፈርና በገጠር ተሞክሯል። በበርሊን ፍራይፉንክ፣ በስፔን ካታሎንያ ደግሞ ጉይፊ የተባሉ ማኅበረሰቦች እ.ኤ.አ. ከ2000ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ ከጣሪያ ጣሪያ በተያያዙ ራውተሮች ኢንተርኔት ሲካፈሉ ኖረዋል። ለዚሁ ሥራ የወጣው 802.11ኤስ የተባለ መለኪያ እ.ኤ.አ. በ2011 ጸደቀ። ለተራ ቤት ተብሎ የተሠራው ሜሽ ግን የተስፋፋው እ.ኤ.አ. ከ2016 ወዲህ ነው፤ በዚያ ዓመት ኢሮና ጉግል ሣጥኖቻቸውን ገበያ ላይ አዋሉ፣ ቲፒ ሊንክም ዴኮ በሚለው ስም ተከተለ። አምራቾቹ ሣጥን ከሣጥን የሚነጋገርበትን ቋንቋ በየራሳቸው መንገድ ስለሠሩት የአንዱ ምርት ከሌላው ጋር አይግባባም፤ ሁለቱም ኢዚሜሽ የተባለውን የጋራ ስምምነት ካልተቀበሉ በቀር። ይህ ለደቡብ ወሎ ቤት ቀላል ነገር አይደለም። አንዱ ሣጥን ከመርካቶ ተገዝቶ፣ ሌላው ከጅዳ ወይም ከዱባይ በዘመድ ሻንጣ መጥቶ ሲገናኙ፣ ሁለቱም ዋይፋይ ያሰራጫሉ እንጂ አንድ ኔትወርክ አይሆኑም። ስማቸውንና ፓስወርዳቸውን አመሳስሎ ሜሽ አደረግሁ ማለትም አይቻልም፤ ስልኩ በሁለቱ መካከል ሲዋልል ይውላል።

ሐይቅ ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ወደ ወልዲያ በሚያልፈው አስፋልት ላይ የምትገኝ የተሁለደሬ ወረዳ ከተማ ናት። በዚያው መንገድ ወደፊት ሲኬድ የአምባሰል ወረዳ ዋና ከተማ ውጫሌ ትገኛለች፤ በ1881 ዓ.ም. ምኒልክ ከኢጣሊያ ጋር የተዋዋሉባት ያቺው ውጫሌ። በሁለቱም ቦታ ቤት ማለት በአብዛኛው ግቢ ማለት ነው። ፊት ለፊት ከብሎኬት ወይም ከድንጋይ የተሠራ ዋና ቤት፣ በስተጀርባ በመደዳ የተደረደሩ ቆርቆሮ ክዳን ሰርቪስ ክፍሎች፣ መካከል ላይ ሮቶ የተቀመጠበት ሜዳ፣ ዙሪያውን አጥርና የላሜራ በር። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ከዓረብ አገር በሚላክ ገንዘብ ፎቅ ቤትም በርክቷል። ዓረብ አገር ያለችው ልጅ ከእናቷ ጋር የምታወራው በዚህ ዋይፋይ ነው፤ የተማሪው ጥናት፣ የነጋዴው ቴሌብርም በእሱ ላይ ነው። ሜሽ የሚፈለገውም ሳሎን ያለው ራውተር ሰርቪስ ቤት ስለማይደርስ ነው። አምራቾቹ በማስታወቂያ የሚያሳዩት ቤት በእንጨትና በጂፕሰም የተከፋፈለ ነው፤ እዚያ የተባለው የሽፋን ስፋት ለድንጋይ ግድግዳ አይሠራም።

ወደ መጀመሪያው መንገድ ስንመጣ፣ በኢትዮጵያ ወደ መኖሪያ ቤት ኢንተርኔት የሚገባው በመዳብ የስልክ ገመድ፣ በፋይበር ወይም በሲም ካርድ ነው። እያንዳንዱ የራሱ ሕመም አለው። በመዳብ ገመድ የሚመጣው ኤዲኤስኤል በተሻለው ዓይነቱ እንኳ ወደ ቤት 24 ሜጋ ቢት፣ ከቤት ወደ ውጭ ግን 1 ሜጋ ቢት ገደማ ነው የሚያስተላልፈው፤ እሱም ቤቱ ለኢትዮ ቴሌኮም (ለቴሌ) ጣቢያ ቅርብ ከሆነ ነው። ርቀቱ 5 ኪሎ ሜትር ሲደርስ መስመሩ ጨርሶ ይደክማል። ክረምት ሲገባ የሚብስ መቆራረጥ በአብዛኛው ውኃ የገባበት መገጣጠሚያ ምልክት ነው። ይህን ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግም፤ መደበኛውን ስልክ አንሥቶ ማዳመጥ ይበቃል። ድምፁ ውስጥ ጭርጭርታ ካለ ኢንተርኔቱም በዚያው ጭርጭርታ ውስጥ ነው የሚያልፈው። የስልኩና የሞደሙ መስመር የሚለያይበት ስፕሊተር ተቃጥሎ ወይም ጨርሶ ሳይገባ ቀርቶ ስልክ በተደወለ ቁጥር ኢንተርኔት የሚጠፋበትም ቤት አለ።

ፋይበር ከዝናብም ከመብረቅም የተሻለ ዕረፍት አለው። ጠላቱ መታጠፍና ቆሻሻ ነው። ከሶፋ ኋላ ተጠምዝዞ የተጨፈለቀ ቀጭን ቢጫ ወይም ነጭ ገመድ ብርሃኑን ያፈሳል፤ ተነቅሎ በእጅ የተነካ ጫፍም እንዲሁ። በፋይበር ሞደሙ ላይ ኤልኦኤስ የሚለው መብራት ቀይ ከሆነ ችግሩ ከሜሹ ጋር ምንም ግንኙነት የለውም፤ ብርሃን ሞደሙ ዘንድ አልደረሰም ማለት ነው፤ የቤቱ ገመድ ካልታጠፈና ጫፉ ካልቆሸሸ ጉዳዩ የቴሌ ነው።

ሰፊ ትኩረት የሚገባው የሲም ካርዱ ነው። ኢትዮ ቴሌኮም የ4ጂ አገልግሎቱን ከአዲስ አበባ ወደ ክልል ከተሞች ካሰፋ፣ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያም መስከረም 26 ቀን 2015 ዓ.ም. አገልግሎቱን በይፋ ከጀመረ ወዲህ፣ የስልክ ገመድ ያልደረሰው ቤት በሲም ካርድ ራውተር መጠቀም ይችላል። በዚህ ጊዜ መጀመሪያ የሚታየው የተራራው ነገር ነው። የአምባሰል ሰንሰለት ከመንገዱ አጠገብ ቀጥ ብሎ የሚነሣ ነው፤ የኔትወርክ ማማውና ቤቱ በአንድ ወገን ካልሆኑ ሞገዱ የሚደርሰው ከገደል ተንጸባርቆና ተበታትኖ ነው። የራውተሩ ገጽ ሲከፈት አርኤስአርፒ የሚል፣ ከማማው የሚደርሰውን ሞገድ ጥንካሬ የሚያሳይ ቁጥር ይታያል። ወደ ዜሮ በቀረበ መጠን ይሻላል፤ 80 ከዜሮ በታች በጣም ጥሩ ነው፣ 100 ከዜሮ በታች መካከለኛ፣ ከዜሮ በታች ከ110 አልፎ ከወረደ ግን ግንኙነቱ በትንሽ ነገር የሚናጋ ነው። ራውተሩን ከኮሞዲኖ አንሥቶ ማማው ወዳለበት መስኮት ማዞር ብቻ 10 ዴሲቤል ወይም ከዚያ በላይ ሊጨምር ይችላል፤ 10 ዴሲቤል ማለት የሚደርሰው ኃይል አሥር እጥፍ ሆነ ማለት ነው። ይህ ካልበቃ ጣሪያ ላይ የሚተከል የውጭ አንቴና አለ።

ለሲም ካርድ ራውተሩ የሚመቸው ቦታ ለዋይፋይ አይመችም። ማማውን የሚያየው የላይኛው ፎቅ የጥግ መስኮት ነው፤ ዋይፋዩ የሚፈልገው ደግሞ የቤቱን እምብርት። ሁለቱን በአንድ ቦታ ለማስታረቅ ሲሞከር አንዱ ይጎዳል። መፍትሔው ራውተሩን ለማማው ትቶ፣ ዋናውን የሜሽ ሣጥን ቤቱ መካከል አስቀምጦ፣ በመካከላቸው የኔትወርክ ገመድ መዘርጋት ነው።

ማማው የጋራ መሆኑም አይዘነጋ። በአንድ ማማ ሥር ያለ ሁሉ አንድን አቅም ይካፈላል፤ በገበያ ቀን፣ ምሽት ላይም እንዲሁ ይጣበባል። መስከረም 21 ቀን ለግሸን ማርያም በዓል ከየአገሩ የሚጎርፈው ምእመን አምባሰልን ሲሞላ በአካባቢው ማማዎች ላይ የሚያርፈው ስልክ ከሌላው ጊዜ ጋር አይነጻጸርም። በዚያ ሰሞን የዘገየን ዋይፋይ ለማስተካከል ሣጥን ነቅሎ መትከል ከንቱ ድካም ነው።

ከዚህ ሁሉ በላይ አገልግሎቱ ራሱ የማይኖርበት ጊዜ አለ። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምትና ኅዳር የሰሜኑ የኢትዮጵያ ጦርነት ደሴን፣ ሐይቅንና አምባሰልን ሲያዳርስ መብራትም ስልክም ተቋርጦ ነበር። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ አንሥቶ ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ወራት ተዘግቶ ቆይቷል። እንዲህ ባለው ጊዜ ሣጥኖቹ እርስ በርስ ይገናኛሉ፣ ስልኩም ዋይፋይ ይዣለሁ ይላል፤ ኢንተርኔት ግን የለም። ስለዚህ የማንኛውም ፍተሻ መነሻ ጎረቤት ያለው ሰው ኢንተርኔት እንዳለው መጠየቅ ነው።

የመብራቱ ነገር ራሱን ችሎ የሚታይ ነው፤ በዚህ አካባቢ ከማንኛውም ምክንያት በላይ ሜሽን የሚያምሰው እሱ ሳይሆን አይቀርም። ነጠላ ራውተር መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ብቻውን ይነሣል። ሜሽ ግን ቅደም ተከተል አለው። መብራት ሲመጣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይነሣሉ፤ ዋናው ሣጥን ሞደሙ ከቴሌ ጋር ሳይገናኝ ቀድሞ ይነቃና አድራሻ የሚሰጠው ያጣል፤ አጋዦቹም ዋናውን ፍለጋ ሲንከራተቱ አንዳንዶቹ ሩቅ ካለው አጋዥ ጋር ይያያዙና እዚያው ይቀራሉ። ኔቱ ከመብራት መምጣት በኋላ የሚበላሽበት ቤት ውስጥ መጀመሪያ ሞደሙን አብርቶ፣ መብራቶቹ እስኪረጉ ሁለት ሦስት ደቂቃ ጠብቆ፣ ከዚያ ዋናውን ሣጥን፣ በመጨረሻ አጋዦቹን ከቅርብ ወደ ሩቅ ማብራት ችግሩን ይፈታዋል። ይህን በየቀኑ ማድረግ ስለማይቻል ለሞደሙና ለዋናው ሣጥን ባትሪ መግዛት ይሻላል። አብዛኞቹ በ12 ቮልት የሚሠሩ ስለሆኑ ትንሿ የራውተር ዩፒኤስ ትበቃለች፤ ቮልቱ ግን በአዳፕተሩ ላይ ከተጻፈው ጋር መመሳሰል አለበት፤ 9 ቮልት የሚሉም አሉ። ሒሳቡ ቀላል ነው፤ 10,000 ሚሊ አምፒር ሰዓት ተብላ የምትሸጠው የ3.7 ቮልት ባትሪ 37 ዋት ሰዓት ትይዛለች፤ ብክነቱ ተቀንሶ 30 ቢቀር፣ 10 ዋት ለሚወስድ ሣጥን ሦስት ሰዓት ያህል ነው። ሞደሙና ዋናው ሣጥን ከአንዷ ባትሪ ከተቀጠሉ ግማሹ ይሆናል።

የቮልቴጅ መውረድ ከመጥፋት ይልቅ አሳሳች ነው። በምሽት፣ ምጣዱ ሁሉ በተጣደበት ሰዓት፣ መብራቱ ደብዘዝ ሲል ደካማ አዳፕተር ያለው ሣጥን ሳይጠፋ ይቃዣል፤ የሣጥኑ መብራት ይበራል፣ ሥራው ግን ይቆማል። በሰዓት የሚመጣ ብልሽት፣ በተለይ በእራት ሰዓት የሚመጣ፣ መጀመሪያ መጠርጠር ያለበት በዚህ ነው። ከአሜሪካ የመጣ ሣጥን አዳፕተሩ ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት ካልተባለ በ220 ቮልት ይቃጠላል፤ ቢባልም ጠፍጣፋው ሶኬት በላላ መለወጫ ላይ ተንጠልጥሎ በነካኩት ቁጥር ይጠፋል። በክረምት መብረቅ ሲያሰጋ ደግሞ የመብራቱን ብቻ ሳይሆን የስልኩንም ገመድ መንቀል ያስፈልጋል፤ ብዙ ሞደም የሚቃጠለው በስልክ ገመዱ በኩል በሚገባው ነው።

ሁለተኛው መንገድ፣ ከሣጥን እስከ ሣጥን ያለው፣ ሜሽ ከተራ ራውተር የሚለይበት ነው፤ ስለሆነም የሜሽ ብልሽት ዋና መኖሪያ ነው። ሣጥኖቹ በአብዛኛው የሚነጋገሩት በ2.4 ወይም በ5 ጊጋኸርዝ ነው። 5 ፈጣን ነው፤ ግድግዳ ግን ይፈራል። ግድግዳ ቀርቶ በባዶ ሜዳ እንኳ በእኩል ርቀት ላይ ከ2.4 ጊጋኸርዝ ይልቅ በ7 ዴሲቤል ገደማ ያንሳል። ከዚያ ጂፕሰም ሦስት ዴሲቤል ያህል ይወስዳል፤ ይህ ግማሹን ኃይል መውሰድ ነው። ብሎኬት ከዚህ በብዙ ይብሳል፤ ፌሮ ያለበት ኮንክሪትና ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ 15፣ 20፣ ከዚያም በላይ ሊውጡ ይችላሉ። የጭቃ ግድግዳ ደረቅ ሲሆን ደህና ነው፤ ዝናብ ሲጠጣ ግን ይከፋል። ላሜራና ቆርቆሮ አያሳልፉም፣ ይመልሳሉ። ውኃ የሞላ ሮቶም ሞገዱን ይውጠዋል።

በአንድ የሐይቅ ግቢ ላይ ነገሩን በቅርብ ማየት ይቻላል። ዋናው ሣጥን ላይኛው ፎቅ ሳሎን ውስጥ ከቴሌቪዥኑ ኋላ ነው። ሰርቪስ ቤቱ ከሜዳው ማዶ 20 ሜትር ላይ ነው። ባለቤቱ አጋዡን ዋይፋይ በጠፋበት ቦታ፣ ማለትም ሰርቪስ ቤቱ ውስጥ ከአልጋው አጠገብ ተከለው። ስልኩ እዚያ አጠገቡ ያለውን አጋዥ 40 ከዜሮ በታች ብሎ ያነባል፤ ምልክቱ ሙሉ ነው። አጋዡ ግን ዋናውን የሚሰማው በ82 ከዜሮ በታች ነው፤ የዋይፋይ ሚዛን ከአርኤስአርፒው የተለየ ስለሆነ ይህ ለመተንፈስ የሚበቃ እንጂ ለመሥራት የሚበቃ አይደለም። ከላይኛው ፎቅ የወረደው ሞገድ የሚያርፈው በሰርቪስ ቤቱ ቆርቆሮ ክዳን ላይ ነው፤ ቆርቆሮው ወደ ሰማይ ይመልሰዋል፤ ወደ ክፍሉ የሚገባው በበርና በመስኮት ሾልኮ የተረፈው ነው። ማታ የላሜራው በር ሲዘጋ ያችም ትጠፋለች። ቀን ቀን እየሠራ ሌሊት የሚጠፋ ዋይፋይ ሲያጋጥም እንዲህ ያለ በር መፈለግ ይገባል። ማስተካከያው ሁለት እርምጃ ነው። ዋናው ሣጥን ከቴሌቪዥን ኋላ ወጥቶ ወደ ሜዳው በሚያይ የምድር ቤት መስኮት ይቀመጣል፤ ገመዱ ካልደረሰ ሌላ አጋዥ እዚያ ይቀመጣል። የሰርቪስ ቤቱ አጋዥ ደግሞ ከአልጋው አጠገብ ተነሥቶ ዋናውን ፊት ለፊት ወደሚያየው መስኮት ይዞራል። አጋዥ የሚተከለው ዋይፋይ በሞተበት ቦታ ሳይሆን ዋይፋዩ ገና ጤነኛ በሆነበት፣ ወደ ሞተው ቦታ በሚወስደው መንገድ መካከል ላይ ነው። ልኩ አጋዡ ዋናውን ከ60 እስከ 67 ከዜሮ በታች ባለው ውስጥ ሲሰማ ነው። የሣጥኑ አፕ ካልነገረ፣ አጋዡ በሚቆምበት ቦታ ላይ ዋይፋይ አናላይዘር የተባለውን አፕ በስልክ ከፍቶ የዋናውን ቁጥር ማንበብ ይቻላል።

ሣጥኖች በአየር ሲቀባበሉ ሌላም ዋጋ አለ። ሁለት ባንድ (2.4 እና 5 ጊጋኸርዝ) ብቻ ያለው አጋዥ በአንዱ አፉ ከዋናው ይሰማል፣ በዚያው አፉ ለስልኩ ይናገራል፤ ሁለቱን በአንድ ጊዜ ስለማይችል ፍጥነቱ በግማሽ ይወርዳል፤ ከአጋዥ ኋላ አጋዥ ሲቀጠል ግማሹ እንደገና ይከፈላል። ሦስት ባንድ ያለው አንዱን ለመቀባበያ ስለሚለይ ይህን ያቃልላል፤ ውድ ነው። እዚህ ላይ ሻጭ የማይነግረው ነገር አለ። ወደ ቤቱ የሚገባው መስመር 5 ወይም 10 ሜጋ ቢት ከሆነ 300 የነበረው ዋይፋይ 75 ቢሆን ማንም አያውቀውም። በብዙ የሐይቅና የአምባሰል ቤቶች ጠባቡ ቦታ ዋይፋዩ አይደለም፤ ስለዚህ ለፍጥነት ተብሎ ዋይፋይ 6 ሦስት ባንድ መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው። የሚፈለገው ጽናት ነው፤ ጽናት ደግሞ የሚመጣው ከቁጥሩ ሳይሆን ከአቀማመጡና ከገመዱ ነው።

ገመድ በሚቻልበት ቦታ ሁሉ ከአየር ይበልጣል። ዋናውንና የሰርቪስ ቤቱን አጋዥ በኔትወርክ ገመድ ያገናኘ ሰው ቆርቆሮ፣ ሮቶና የላሜራ በር ያሉባቸውን ጥያቄዎች ሁሉ በአንድ ጊዜ ዘጋቸው ማለት ነው። የመዳብ ኔትወርክ ገመድ እስከ 100 ሜትር ያደርሳል፤ ለግቢ ይተርፋል። ገበያ ላይ ርካሹ ገመድ ግን አሉሚኒየም ሆኖ በላዩ መዳብ የተቀባ ነው፤ በቢላ ሲፋቅ ውስጡ ነጭ ይወጣል፤ ጫፉ ቶሎ ይሰበራል፣ ርቀት ላይም ይደክማል። በሜዳው የሚያልፈው ለውጭ የተሠራ ይሁን፣ በፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ ይቀበር፤ ፀሐይ ላይ የተዘረጋ የቤት ገመድ ሽፋኑ ተሰነጣጥቆ ውኃ ይጠጣል። መብረቅ የሚያሰጋበት ረጅም ርቀት ከሆነ በሁለቱ ቤቶች መካከል ፋይበር ዘርግቶ በሁለት ሚዲያ ኮንቨርተር ማገናኘት ይመረጣል፤ ብርጭቆ መብረቅ አያስተላልፍም። ገመድ ሲገባ አንድ አደጋ አለ፤ አንድ ሣጥን በሁለት ገመድ ወደ አንድ ቦታ ሲያያዝ መረጃው ሲዞር ይውላል፣ ቤቱ በሙሉ በሰከንዶች ውስጥ ይደነዝዛል። ገመድ ከተጨመረ በኋላ ሁሉም ነገር ከቆመ የተጨመረውን መንቀል ነው።

ከአዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም በተለየ በሐይቅ የጎረቤት ዋይፋይ ያን ያህል አያጨናንቅም። ሜሹን የሚረብሸው ብዙውን ጊዜ የራሱ ቤት ሞደም ነው። ቴሌ የሰጠው ሞደም ወይም የሲም ካርድ ራውተሩ የራሱን ዋይፋይ ማሰራጨቱን አያቆምም፤ ከዋናው የሜሽ ሣጥን አጠገብ ተቀምጦ በዚያው ቻናል ይጮኻል። የሞደሙን ዋይፋይ ማጥፋት አንድ ደቂቃ የማይፈጅ፣ ብዙ ቤት ያረጋጋ ማስተካከያ ነው። በ2.4 ጊጋኸርዝ እርስ በርስ የማይነካኩት ቻናሎች 1፣ 6 እና 11 ናቸው። ከሌላ አገር የመጣ ሣጥን 12ን ወይም 13ን ከመረጠ ለአሜሪካ የተሠራ ስልክ ዋይፋዩን ጨርሶ ላያየው ይችላል። በ5 ጊጋኸርዝ ከ36 እስከ 48 ያሉት ሰላማዊ ናቸው፤ ከ52 እስከ 144 ያሉት ከራዳር ጋር የሚጋሩ ስለሆኑ ሣጥኑ ራዳር የሰማ ሲመስለው ቻናሉን ጥሎ ይወጣል፤ ወደ ሌላ የዚሁ ዓይነት ቻናል ለመግባትም ቢያንስ አንድ ደቂቃ ማዳመጥ አለበት። አልፎ አልፎ፣ ያለ ምክንያት፣ ለአንድ ደቂቃ ያህል የሚጠፋ ኔትወርክ ሲገጥም ይህን ማየት ነው።

ሌላው ስውር ብልሽት አድራሻ የሚሰጥ ሁለት ሲሆን ነው። ሞደሙም ራውተር ነው፣ ዋናው ሣጥንም ራውተር ነው። ሁለቱም 192.168.1.1 ነኝ ሲሉ ግጭቱ አንዳንዱን ስልክ ያሠራል፣ አንዳንዱን ያስቀራል፤ የአንዱ ስልክ ሠርቶ የሌላው ሲያስቸግር ሰው የሚጠረጥረው ስልኩን ነው። ሜሹን አክሰስ ፖይንት በሚባለው አሠራር ላይ ማድረግ፣ ማለትም አድራሻ መስጠቱን ለሞደሙ ትቶ እሱ ማሰራጨት ብቻ እንዲሠራ ማድረግ፣ ለተራ ቤት ከሁሉ ቀላሉ መንገድ ነው።

በሦስተኛው መንገድ ላይ ያለው ችግር ከስልኩ ጠባይ ይመጣል። ከሣጥን ወደ ሣጥን መቼ እንደሚዘዋወር የሚወስነው ስልኩ እንጂ ሜሹ አይደለም። ሣጥኖቹ በ802.11ኬ እና በ802.11ቪ ይመክሩታል፣ በ802.11አር ያፋጥኑለታል፤ የቆየ ስልክ ግን ምክሩን አይሰማም፤ ሳሎን የያዘውን ሣጥን ሰርቪስ ቤት ድረስ ይዞት ይሄዳል። ዋይፋዩን አጥፍቶ ማብራት ወደ ቅርቡ ያዞረዋል። ፈጣን ዝውውር የሚባለው ማብሪያ በርቶ ሳለ ፕሪንተር ወይም የቆየ ቴሌቪዥን አልገናኝ ካለ ማጥፋት ነው፤ ዳብሊውፒኤ 3 የሚለውን የፓስወርድ ዓይነት ወደ ዳብሊውፒኤ 2 መመለስም እንዲሁ።

ቤት ውስጥ የሚተከለው የጥበቃ ካሜራ የተለየ ስፍራ ይገባዋል። በውጭ ያለው ዘመድ ግቢውን በስልኩ ማየት ይፈልጋል፤ አንድ ካሜራ ጥራት ባለው ምስል ከ2 እስከ 4 ሜጋ ቢት ወደ ውጭ ይልካል፤ በኤዲኤስኤል የመላኪያው አቅም 1 ሜጋ ቢት ነው። ካሜራው መስመሩን ሲሞላው የሌላው ሁሉ መልእክት ከኋላው ይሰለፋል፤ ዋይፋዩ ጤነኛ ሆኖ ሳለ የድምፅ ጥሪው ይቆረጣል፣ ቤት ያለው ሰው ሌላውን ይሰማል እንጂ የእሱ ድምፅ አይደርስለትም። ካሜራው በራሱ ሚሞሪ ካርድ እንዲቀዳ፣ ወደ ውጭ የሚልከውም ሲጠየቅ ብቻና በአነስተኛ ጥራት እንዲሆን ማድረግ ቤቱን ይገላግላል።

ፍተሻው እንግዲህ ከውጭ ወደ ውስጥ ይሄዳል። ላፕቶፕ በገመድ ከሞደሙ ጋር ይገናኝና ሜሹ ከነአካቴው ሳይኖር ይለካል፤ እዚያ የሚቆራረጥ ከሆነ ሣጥን መንካት አያስፈልግም። እዚያ ደህና ከሆነ ስልክ ከዋናው ሣጥን ሁለት ሜትር ላይ ቆሞ ይለካል፤ ቀጥሎ ከአጋዡ አጠገብ። በእነዚህ በሁለቱ ቦታዎች ወደ ዋናው ሣጥንና ከቤት ውጭ ወዳለው 8.8.8.8 አድራሻ ፒንግ የተባለ የሙከራ መልእክት ይላካል። ወደ ሣጥኑ የሚሄደው ሳይጠፋ እየተመለሰ ወደ 8.8.8.8 የሚሄደው የሚጠፋ ከሆነ ጥፋቱ የውጭው መስመር ነው፤ ወደ ሣጥኑ የሚሄደውም የሚንጠባጠብ ከሆነ የቤቱ ነው፤ ከዋናው አጠገብ ሳይጠፋ ከአጋዡ አጠገብ የሚጠፋ ከሆነ ደግሞ በሁለቱ መካከል ያለው ነው። ሁለቱም ደህና ሆነው ገጽ ብቻ አልከፍት ካለ የገጹን ስም ወደ አድራሻ የሚተረጉመውን ዲኤንኤስ መቀየር ነው። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይለወጥ፤ ሦስት ነገር አብሮ የቀየረ ሰው የቱ እንደረዳው አያውቅም። ሁሉንም አጥፍቶ ወደ ፋብሪካ ቅንብሩ መመለስ የመጨረሻው ነው፤ ከዚያ በፊት የሶፍትዌር ማሻሻያ ካለ ይጫን፤ መብራት በማያሰጋበት ሰዓት ግን፣ በመካከል መብራት የጠፋበት ሣጥን ላይነሣ ይችላልና።

ጥፋቱ የውጭው መስመር ሆኖ ከተገኘ ለኢትዮ ቴሌኮም በ994 ይነገራል። በዚያን ጊዜ «ዋይፋዬ አይሠራም» ማለት ብዙ አይረዳም። ከሞደሙ በገመድ የተለካው ፍጥነት፣ የተቆራረጠበት ቀንና ሰዓት፣ የሞደሙ መብራቶች በዚያ ሰዓት የነበራቸው ቀለም፣ ዝናብ እንደነበረና እንዳልነበረ በጽሑፍ ተይዞ ሲቀርብ ሠራተኛው የሚፈልገውን ያውቃል። ባለሙያው ሲመጣም ሜሹ በሙሉ ተነቅሎ ሞደሙ ብቻውን ቢጠብቀው፣ ልኬቱም ገመዱ ወደ ቤቱ ከሚገባበት መገጣጠሚያ ቢጀምር፣ ጉዳዩ በአንድ ምልልስ ሊያልቅ ይችላል።